ጉርድ ፎቶ

ኅዳር 15 ቀን 2009 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ለናፈቅኸኝ ለላቀው፤ ካርቱም

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ አልጀምርልህም። እዚህ ላይ ብጠይቅህ በስልክ እንደለመድከው «ደኅና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ብለህ ታልፈኛለህ። ጤናህን ወደ ታች ወረድ ብዬ እጠይቅሃለሁ፤ እስከዚያ ታግሰህ አንብብ። እኔና ማርያማዊት አምላክ ይመስገን አለን። ልጅህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች፤ የሚስቁባትን ሁሉ «አባቴ ሲመጣ እነግርባችኋለሁ» እያለች ታስፈራራለች። ከተማው በበርበሬ ቀልቷል። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ እያስነጠሰን፣ ፎቶ ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የሚነሳው። ዘንድሮ መታወቂያ ያወጣ ሰው በሙሉ ለቅሶ ቤት የዋለ ይመስላል።

በእጄ የምጽፍልህ የስልክ ኢንተርኔቱ ስለተዘጋ ነው። አሁን ድምፅህ ብቻ ቀርቶልኛል። ከዚያ በፊት ደግሞ ፊትህ ነበረ፤ ከደረትህ በታች ግን ምንም አልነበረም። ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው ስለዚህ ነገር ነው።

የመሄድህ ሰሞን ፎቶ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመህ ያልከኝን ታስታውሳለህ? «አቻሜ፣ ይሄ ሥራ አለቀለት። ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ እየዞረ ማን መጥቶ መጋረጃችን ፊት ይገተርልናል?» አልከኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የስልክ ፎቶ ፎቶ አይባልም፣ ፎቶ ማለት ብርሃኑ ተመርጦ፣ ኮሌታው ተስተካክሎ፣ አገጩ ዝቅ፣ ትከሻው ቀጥ ብሎ ነው ብዬ ሞገትኩህ። ሳቅክብኝ። ከዚያ ሄድክ፤ እኔም ክርክሩን ብቻዬን ይዤው ቀረሁ። ደንበኛ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አንተን ስረታ እውላለሁ። ብቻዋን የምትከራከር ሴት ሁልጊዜ ነው የምትረታው።

አሁን ግን ልመንልህ፤ ተሸንፌያለሁ። የላክህልን ስልክ ለዕለት ለዕለቱ ይበቃል፣ ከበቂም በላይ ነው። ባለፈው አንድ የጅጋ ገበሬ በሬው አፉ ቆስሎበት፣ አፉን በስልክ አንስቶ ለእንስሳት ሐኪሙ አሳይቶ መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰ። በሬውን ቤቱ ትቶ! ያን በሬ እኔ ዘንድ ቢነዱት መጋረጃው ፊት አቁሜ አገጭህን ዝቅ አድርግ ልለው ነው? ማርያማዊትማ ስልኩን ከያዘች ያላነሳችው ነገር የለም። ዶሮዎቹን፣ ጭቃ የነካውን ጫማዋን፣ እኔን ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ሳንቀላፋ። አንዱ ላይ ከጎረቤት ጋር ስስቅ አንስታኛለች። ይህን ሁሉ ዘመን ካሜራ ይዤ ኖሬ ስስቅ እንዲህ እንደምመስል አላውቅም ነበር። እኛ መጋረጃ ፊት መች ሰው ስቆ ያውቃል? የሚስቀውንም ዝም በል ብለን ነው የምናነሳው።

ያም ሆኖ አንድ ዓይነት ደንበኛ አልከዳኝም። ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ፎቶ የሚልክ ሰው ዛሬም ከማንኩሳ፣ ከጅጋ፣ አንዳንዴ ከግሽ ዓባይ ሳይቀር ይመጣልኛል። ገና ሲገቡ ነው የሚናገሩት። «ጉርድ አይደለም፣ ሙሉ ቁመት ነው። እግራችን ይግባ፣ እጃችንም ይታይ» ይላሉ። አንተ «ጫማ ልትሸጡ ነው?» እያልክ ታሾፍባቸው ነበር። እነሱ ግን ወደው አይደለም። እኛ አገር መርዶ ይደበቃል። ሰው ሞቶም «ደኅና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው» ሲባል ይከረምና አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። እንዲህ ያለ አገር ያደገ ሰው የተቆረጠ ነገር ሲያይ ይጠረጥራል። ፊት ብቻ የተላከላት እናት እግሩን ትጠይቃለች፤ አንድ እጅ ከኋላ ከተሸሸገ ሌሊቱን አትተኛም። እግርና እጅ የሚገባው የሩቁ ሰው እንቅልፍ እንዲተኛ ነው።

እናትህም የዚሁ አገር ሰው ናቸው።

ለመስቀል ማርያማዊትን ይዤ ማንኩሳ ወርጄ ነበር። ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎችህን ከፈትኩላቸው። ስልኩን ጢም ብሎ እንደሞላ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩህ። «ወዙ ደኅና ነው። ከስቷል ግን» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከደረትህ ላይ አሳርፈው ወደ ላይ ገፉት። ምስሉ አልሄደም። ደግመው ገፉት። ፎቶ በጣት እየተገፋ እንደሚሄድ ያስተማረቻቸው ማርያማዊት ናት፤ እናም ገፋ ሲያደርጉት ከደረትህ በታች ያለው ብቅ የሚል መስሏቸዋል።

«አንች፣ ይሄ ነገር ወደ ታች አይኸድም?» አሉኝ።

«አይሄድም እማማ፣ እዚህ ላይ ያልቃል» አልኳቸው።

«እንዴት ያልቃል? ልጀ እዚህ ላይ ያልቃል?»

ወንድምህ ገነነ አጠገባችን ነበር። «እማየ፣ ራሱን በራሱ ሲያነሳ ነው። ክንዱ እስከደረሰበት ነው የሚገባው» አላቸው።

እናትህ ቀና ብለው አዩት። «የሚያነሳው ሰው አጣ? እዚያ አገር ሰው የለም?» አሉት። ስልኩን ለማርያማዊት መለሱላትና ወደ በርበሬያቸው ዞሩ።

እንዳልዋሽህ፣ ከዚያ በፊት እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ጥርጣሬዬን አባርረው ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ማርያማዊት ትምህርት ቤት «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ተብለው ሥዕሏን ይዛ መጣች። እኔ አለሁ፣ ጫማዬ ከራሴ ይበልጣል። አያቷ አሉ፣ ገነነ አለ። አንተ ወረቀቱ ጥግ ላይ አራት ማዕዘን ውስጥ ነህ፤ ራስና ደረት። «የአባ ቀሪውስ የታለ?» አልኳት። «አባ እዚህ ድረስ ነው» ብላኝ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። ድሮ ፊልም የምናጥብባት ጨለማ ክፍል ገብቼ በደንብ አለቀስኩ። አሁን ክፍሏ የበርበሬ ማስቀመጫ ስለሆነች ዓይኔ ቀልቶ ብወጣ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ የላክህልኝን ፎቶ ሁሉ በየተራ ከፈትኩት። እስከ ጥምቀት ድረስ ያሉት ሙሉ ናቸው። እናንተ ራክሻ የምትሉትን ባጃጅህን ተደግፈህ፣ አንድ እግርህን ደረጃው ላይ ሰቅለህ፣ አዲሱን ጫማህን እንድናይልህ። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ያሉት በሙሉ ሰልፊ ናቸው። አንድም የለም፤ አንድም ከደረትህ የሚያልፍ የለም። ያን ጊዜ «የዚህ ስልክ ካሜራ ልዩ ነው፣ የቅንድቤ ጸጉር እንኳን ይቆጠራል፣ ከእንግዲህ ምን ሌላ ፎቶ ያስፈልግሻል?» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ልዩ ካሜራ ነው። አጎላሁት፣ አጎላሁት፣ አልደበዘዘም። አንዱ ላይ ከግራ ትከሻህ ኋላ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ነገር አለ። በብብት የሚያዝ ምርኩዝ ነው። ብብት የሚያርፍበት ጫፉ እንዳይቆረቁር በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁም ስትሄድ አንገትህ ላይ ያሰርኩልህ ሻርፕ ነው።

እንግዲህ ጤናህን የምጠይቅህ እዚህ ላይ ነው። ላቀው፣ እግርህን ምን አገኘው?

ባጃጁ ተገልብጦብህ ይሁን ሌላ ነገር፣ አንዱ ይሁን ሁለቱ፣ ተሰብሮ ይሁን ጨርሶ የሌለ፣ አላውቅም። በስልክ ያልጠየቅሁህ ፈርቼ ነው። ትዋሸኛለህ፤ ስትዋሸኝ ደግሞ ድምፅህ ይቀጥናል፣ እሱን መስማት አልቻልኩም። ያን ጊዜ ማን አነሳህ? ማን ውኃ ሰጠህ? እኔ እዚህ የሰው ኮሌታ ሳስተካክል አንተ የትኛው አልጋ ላይ ተኝተህ ነበር? ይህን እያሰብኩ እጄ ሥራ ላይ ይቆማል፤ ሰው ካሜራዬ ፊት ተቀምጦ «አነሳሽኝ?» ይለኛል።

ምርኩዙን ለገነነ አሳየሁት። እናትህ ከመስቀል ወዲህ እህል እየተዉ ስለመጡ ጨንቆት ነበር። «እማየ ይሄን ከምትሰማ አንድ ነገር እንሥራ። የሱን ራስ በኔ ቁመት ላይ አድርጊልኝ» አለኝ። አንተም ታውቀዋለህ፣ አረብ አገር ያለች እኅት ከወንድሞቿ መሀል አስገብተን፣ ከሞቱ አባት ጎን ሙሽራ አቁመን እናውቃለን፤ ሥራችን ነው። ገነነን መጋረጃው ፊት አቁሜ አነሳሁት፣ ራስህን አንገቱ ላይ ገጠምኩት። ቀለሙን አስማማሁ፣ ጥላውን አስተካከልኩ። ብታየው አንተ ራስህ ነኝ ብለህ ትምል ነበር። አጥቤ ወሰድንላቸው።

እናትህ ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት። አውራ ጣታቸውን ከራስህ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ታች ወሰዱት። ጫማው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ገነነ ሸበጥ እንዳደረገ ነበር ያነሳሁት፤ አስተውሎ የነገረኝ የለም፣ እኔም አላስተዋልኩም።

«ፊቱ የላቀው ነው። እግሩ የገነነ ነው» አሉ። «ይችን ጣት ምሳር የመታት ለት አቅፌው ያደርሁ እኔ አይደለሁም? የማን እግር ነው ብላችሁ ነው የምትሸጡልኝ?»

ገነነ መሬት መሬቱን አየ። እናትህ አልተቆጡም፣ ደግመውም አልጠየቁም። ፎቶውን ሙዳያቸው ውስጥ ከተቱት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እኛም ከአንተ የደበቅነውን ልንገርህ። እናትህ ሰኔ ላይ ከምንጭ ሲመለሱ ጭቃው አዳልጧቸው ወድቀዋል። ዳሌያቸውን ነው። ወጌሻ አይቷቸዋል፣ ሆስፒታልም ወስደናቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በራሳቸው አልቆሙም። «ለላቀው እንዳትነግሩት፣ በሰው አገር ልቡ ይሰበራል» ብለው አስማሉን። በደወልክ ቁጥር «እማየስ?» ስትለኝ «ደኅና ናቸው» የምልህ ለዚህ ነው። የኔም ድምፅ ቀጥኖብህ እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር ሚካኤል ማግሥት ላኩብኝ። «ትልቁን ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ሙሉ ቁመት መነሳት እፈልጋለሁ። ለልጀ ይላክለት» አሉኝ። ስደርስ ታጥበው፣ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሰፊውን ጋቢ ደርበው ጠበቁኝ። ገነነ ከኋላቸው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ጋቢው ውስጥ ገባና ወገባቸውን ይዞ አቆማቸው። ከፊት ላየው ሰው እናትህ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ይመስላሉ። ቀጥ ብለዋል፣ አገጫቸው እኔ ሳልነግራቸው ዝቅ ብሏል። ሕመሙ በፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት። ጠበቅኩት፣ ሲያልፍ አነሳኋቸው።

ካሜራው ጀርባ ላይ ስናየው ከቀሚሳቸው ጠርዝ ሥር ሦስት እግር አለ። ሁለቱ የሳቸው ነው፤ ሦስተኛው የገነነ ነው፣ ያችው ጣት። እንዳልቆርጠው የሳቸውም እግር አብሮ ይቆረጣል። «እማማ፣ እንደገና ላንሳዎት» አልኳቸው። ፎቶውን አይተው ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ ከሰኔ ወዲህ አልሰማኋቸውም።

«ተይው፣ አትንኪው። እንዳለ ላኪለት። እኔም ደበቅሁት፣ እሱም ደበቀኝ፣ አሁን ይብቃ። እንዲህ በይው፦ በአንድ እግሩም ቢሆን ይምጣ። ያለ እግርም ቢሆን ይምጣ። እኔስ በሁለቱ መች ቆምሁ?»

ምርኩዙን የነገራቸው ሰው የለም፣ ላቀው። ማንም አልነገራቸውም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ፎቶ አለልህ። አንዱ ይኸው ባለሦስት እግሩ ነው። ሌላው ማርያማዊት በዚያው ቀን በስልኩ ያነሳቻቸው ነው። ገነነ መልሶ አስቀምጧቸው፣ በርበሬ መሀል ሆነው፣ ጋቢያቸው ወድቆ፣ ልጅህ አንድ ነገር ስትላቸው ሲስቁ። ራሳቸው ትንሽ ተቆርጧል፣ ብርሃኑም ከኋላ ነው፤ በኔ ሕግ ይህ ፎቶ አይባልም። ግን ናፍቆት ሲያስቸግርህ የምታየው እሱን ነው። የኔውን ደግሞ «አንዱን ትልቅ አድርገሽ እጠቢና በመስታወት አስገብተሽ አስቀምጭልኝ» ብለውኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አስቀምጬዋለሁ። አንተ ብቻ አትዘግይ።

ስለኔ አንድ ነገር ልበልህና ላብቃ። እዚህ የምጠብቀው የእግርህን ጫማ አይደለም። ተዘዋውረህ የምትነዳውን ባጃጅ፣ ይዘህልኝ የምትመጣውን ገንዘብ አይደለም። ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል፤ ኮምፒውተሩ እግር አይጠይቅም። ሥራው ባይኖርም ግድ የለኝም። ማታ በሩን ስዘጋ ከውስጥ ሆኖ «ቆልፈሽዋል?» የሚለኝ ሰው አጥቻለሁ። እሱ ናፍቆኛል። ብርድ ልብሱን ስትጎትትብኝ የምጣላህ ናፍቆኛል። አንተን ናፍቄአለሁ፣ ያለውንም የሌለውንም። «እንዲህ ሆኜ እንዴት ፊቷ እቆማለሁ» ብለህ ከሆነ የቀረኸው፣ ተቀምጠህ ና። በመተማ ነው የምትመጣው፤ ገነነ ድንበሩ ድረስ መጥቶ ሊቀበልህ ተዘጋጅቷል። ተሸክሜውም ቢሆን አመጣዋለሁ ብሏል፣ የሚችልም ይመስለኛል።

እናትህ «ከክፉ ይሰውርህ፣ መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ፣ የደጅህን አፈር ለመርገጥ ያብቃህ» ብለው መርቀውሃል። እኔም አሜን ብያለሁ። ማርያማዊት ጉንጭህን ስማሃለች። ወላዲተ አምላክ ከአጠገብህ አትለይ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠህ ሰው የቡሬው ሙጬ ነው። ለአባቱ ተዝካር መጥቶ ወደ ካርቱም ሲመለስ ነው ያገኘሁት። አትቆጣው፣ ያስማልኩት እኔ ነኝ። «ደብዳቤውን ከሰጠኸው በኋላ አጠገቡ አትቀመጥ፣ ማንበብ ሲጀምር ወደ ኋላ ራቅ በል» ብዬዋለሁ። «ከራስ ጸጉሩ እስከ መሬቱ ድረስ እስኪገባልህ ራቅ በል፣ ከታች ምንም አትቁረጥብኝ፣ በስልክህ አንሳው፣ ስልክ ይበቃል» ብዬዋለሁ። ኢንተርኔቱ ሲከፈት ይልክልኛል፤ ካልተከፈተም በመጀመሪያው መንገደኛ እጅ አጥቦ ይሰድልኛል። ስለዚህ አሁን ፊት ለፊትህ ቆሟል። ኮሌታህን አታስተካክል። ምርኩዙን አትደብቀው። እግርህ ላይ ጣል ያደረግከው ነገር ካለ አንሳው። እሱን ሙጬ ነው አትበል፣ እኔ ነኝ ብለህ አስብ።

አሁን ቀና በል።

ሚስትህ
አቻምየለሽ